ንጹህ ውሃ 7.8፣ የጉድጓድ ውሃ 14፦ ይህን ሁሉ ፍሎራይድ እንዴት ተሸከመው?

የመቂልጅ

ሰላም ለቤቱ። የኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተና እናንተን ልጠይቅ መጣሁ።

ክፍል ውስጥ የካልሲየም ፍሎራይድን ሙሟት አስልተናል። ኬኤስፒው (የሙሟት ብዜት ኮንስታንቱ) በ25 ዲግሪ 3.45 × 10⁻¹¹ ነው። አንድ ካልሲየም ከሁለት ፍሎራይድ ጋር ስለሚወጣ፣ ሙሟቱን ሙ ብንለው፣ 4 × ሙ³ = 3.45 × 10⁻¹¹ ይሆናል። ኪዩብ ሩቱ 2.05 × 10⁻⁴ ሞል በሊትር። ፍሎራይዱ የዚህ እጥፍ ነው፣ 4.10 × 10⁻⁴። በ19፣ በፍሎራይድ የሞል ክብደት፣ ሲባዛ 7.8 ሚሊግራም በሊትር። እስከዚህ ማንም አልተከራከረም።

ከዚያ ከእኛ አካባቢ የአንድ ጥልቅ ጉድጓድ የላብ ውጤት እጄ ገባ። እንዲህ ይላል፦

ፒኤች 8.3
ሶዲየም 260
ካልሲየም 2
ባይካርቦኔት 610
ክሎራይድ 20
ፍሎራይድ 14

ከፒኤች በቀር ሁሉም ሚሊግራም በሊትር ነው።

ውሃ ከ7.8 በላይ አይዝም ካልን ይሄኛው 14ን እንዴት ቻለው? ትርፉ ለምን አይዘቅጥም? ላቡ ነው የተሳሳተው ወይስ ኬኤስፒ ለፈተና ብቻ የሚሠራ ነገር ነው? የሰፈሬ ልጆች ጥርሳቸው በልዟል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ የክፍል ሥራ ብቻ አይደለም።

አስተማሪው_ከአዳማ

ጥያቄህ ጥሩ ነው ልጄ። ላቡ የተሳሳተ አይመስለኝም፣ ኬኤስፒም ይሠራል።

ኬኤስፒ ስለ ፍሎራይድ ብቻውን የሚለው ነገር የለም። የሚናገረው ስለ ብዜት ነው፦ [ካልሲየም] × [ፍሎራይድ]²። ይህ ብዜት ከ3.45 × 10⁻¹¹ ካለፈ ይዘቅጣል፣ ካላለፈ አይዘቅጥም። የ7.8ቷ ቁጥር የመጣችው ካልሲየሙም ፍሎራይዱም ከዚያው ከካልሲየም ፍሎራይድ ብቻ ወጡ ተብሎ ስለተሰላ ነው። ያኔ ለአንድ ካልሲየም የግድ ሁለት ፍሎራይድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ግን እንዲህ የሚያስገድድ ነገር የለም። ካልሲየሙም ፍሎራይዱም የየራሳቸው ምንጭ አላቸው።

በል የወረቀትህን ቁጥር ራሱን አስገባ። ካልሲየም 2 ለ40 ሲካፈል 0.05 ሚሊሞል፣ ማለትም 5.0 × 10⁻⁵ ሞል በሊትር። ፍሎራይድ 14 ለ19 ሲካፈል 7.37 × 10⁻⁴ ሞል በሊትር። አሁን አባዛ፦

5.0 × 10⁻⁵ × (7.37 × 10⁻⁴)² = 2.7 × 10⁻¹¹

ከ3.45 × 10⁻¹¹ ያንሳል። ውሃህ ገና አልሞላም! 14 ሚሊግራም ይዞም ቦታ አለው።

ብዙ ተማሪ ቀመሩን በደንብ ይይዛል። ሙሙቱ ውስጥ ማን ማን እንዳለ ግን አይጠይቅም። ስሌቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የመቂልጅ

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ገባኝ፣ ግን ጥያቄው ዞሮ ሌላ ቦታ ሄደ። ካልሲየሙ ለምን 2 ብቻ ሆነ? ከእኛ ራቅ ያለ ሌላ ጉድጓድ ላይ ካልሲየም 80 አይቻለሁ። እዚያ ፍሎራይዱ ከ2 አይበልጥም።

አስተማሪው_ከአዳማ

ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ማየትህ ጎበዝ ያሰኝሃል። 80 ሚሊግራም ካልሲየም 2.0 × 10⁻³ ሞል ነው። ያ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ከፍተኛ ፍሎራይድ የ(3.45 × 10⁻¹¹ ÷ 2.0 × 10⁻³) ስኩዌር ሩት ነው። 1.31 × 10⁻⁴ ሞል፣ ወይም 2.5 ሚሊግራም። ካልሲየም ሲበዛ ጣሪያው ይወርዳል። መጽሐፎቹ የጋራ አዮን ውጤት የሚሉት ይሄው ነው።

አሁን ወደ አንተ ጉድጓድ። ባይካርቦኔቱን እየው፣ 610! ለ61 ሲካፈል 10 ሚሊሞል። ፒኤቹ ደግሞ 8.3። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ከባይካርቦኔቱ ጥቂቱ ወደ ካርቦኔት ይለወጣል፣ ካርቦኔቱም ካልሲየምን ይዞ እንደ ኖራ ድንጋይ ይዘቅጣል። እንግዲህ ካልሲየምን ሁለት ቤት ሽማግሌ ልኮባታል፣ ካርቦኔትም ፍሎራይድም። ካርቦኔት ቀድሞ ሲወስዳት ፍሎራይድ የሚያዘቅጠው አጥቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

ይህን በቁጥር እናድርገው። ሦስት ሚዛን ብቻ ነው የሚያስፈልገን።

የመጀመሪያው የባይካርቦኔትና የካርቦኔት ነው። የካርቦኒክ አሲድ ሁለተኛ ደረጃ ኮንስታንት፣ ባይካርቦኔት ሃይድሮጅን ለቆ ካርቦኔት የሚሆንበት፣ 4.7 × 10⁻¹¹ ነው። በፒኤች 8.3 ሃይድሮጅን 5.0 × 10⁻⁹ ነው። ስለዚህ

[ካርቦኔት] = 4.7 × 10⁻¹¹ × 0.010 ÷ 5.0 × 10⁻⁹ = 9.4 × 10⁻⁵

ሁለተኛው የካልሲየም ካርቦኔት ነው። የማዕድኑ፣ የካልሳይት፣ ኬኤስፒ 3.3 × 10⁻⁹ ነው።

[ካልሲየም] = 3.3 × 10⁻⁹ ÷ 9.4 × 10⁻⁵ = 3.5 × 10⁻⁵

ይህ በሚሊግራም 1.4 ነው። ወረቀትህ 2 ነው የሚለው። ሩቅ አይደለም።

ሦስተኛው የካልሲየም ፍሎራይድ ነው።

[ፍሎራይድ] = የ(3.45 × 10⁻¹¹ ÷ 3.5 × 10⁻⁵) ስኩዌር ሩት = 9.9 × 10⁻⁴

በሚሊግራም 18.9። የዚህ ውሃ ጣሪያ ወደ 19 ነው እንጂ 7.8 አይደለም። 14 ታየ ማለት ከጣሪያው በታች ነው።

ሁለቱን ዝቃጮች በአንድ ሚዛን ብትጽፋቸው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል፦

ካልሲየም ካርቦኔት + 2 ፍሎራይድ ⇌ ካልሲየም ፍሎራይድ + ካርቦኔት

ኮንስታንቱ የሁለቱ ኬኤስፒ ድርሻ ነው፣ 3.3 × 10⁻⁹ ÷ 3.45 × 10⁻¹¹፣ ወደ 96። ካልሲየም ከቀመሩ ጠፋ! [ፍሎራይድ]² = [ካርቦኔት] ÷ 96 ብቻ ቀረ። ካርቦኔት አራት እጥፍ ሲያድግ የፍሎራይድ ጣሪያ ሁለት እጥፍ ያድጋል። እኔ ይህቺን መስመር ሳያት ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ላብ_ጥግ

ሰላም። የውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ከስሌት በፊት የሚቀድም አንድ ነገር ልጨምር። ማንኛውም የላብ ወረቀት እጅህ ሲገባ መጀመሪያ የቻርጅ ሚዛኑን ፈትሽ። አዎንታዊውና አሉታዊው እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ ወይ የተሳሳተ ቁጥር አለ ወይ ያልተለካ አዮን አለ።

የመቂልጅ፣ ያንተን አሰላሁት። ሶዲየም 260 ለ23፣ 11.3። ካልሲየም 0.05 ነው፣ ቻርጁ ሁለት ስለሆነ 0.1። ድምር 11.4። በሌላው በኩል ባይካርቦኔት 10.0፣ ፍሎራይድ 0.74፣ ክሎራይድ 20 ለ35.5 ሲሆን 0.56። ድምር 11.3። ልዩነቱ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ወረቀትህ ንጹህ ነው፣ ተማመንበት።

ፖታሲየምና ማግኒዢየም አልተጻፉም። ትንሽ ትንሽ መኖራቸው አይቀርም፣ ግን ሚዛኑን አላናጉትም።

ሰባተኛውባንክ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት ለምን አስፈለገ? ፍሪክሲ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በነጻ ነው የሚለቀው። ቁጥሮቹን አስገብቶ ማስኬድ ነው። በሰከንድ ይሰጥሃል። እነዚህ የእጅ ስሌቶች አክቲቪቲን፣ ማለትም ከአዮኑ ውስጥ ለሚዛኑ በእርግጥ የሚቆጠረውን መጠን፣ እንኳ አልቆጠሩም። ሙሙቱ ጨው ሲበዛበት አዮኖቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ኮንሰንትሬሽኑን በቀጥታ ኬኤስፒ ውስጥ መክተት ልክ አይመጣም።

አስተማሪው_ከአዳማ

ሰባተኛውባንክ፣ ፍሪክሲ ግሩም ፕሮግራም ነው፣ ተማሪዎቼንም አስተምራቸዋለሁ። ነገር ግን በእጁ አስልቶ የማያውቅ ተማሪ ፕሮግራሙ 19 ሲለውም 190 ሲለውም እኩል ያምናል። ፒኤች 8.3 ብሎ ሊጽፍ 3.8 ቢጽፍ አይነቃም።

አክቲቪቲን ያነሳኸው ትክክል ነው። እስቲ እናስገባውና ምን እንደሚለውጥ እንይ። መጀመሪያ የሙሙቱን አዮናዊ ጥንካሬ እናሰላለን። የእያንዳንዱን አዮን ኮንሰንትሬሽን በቻርጁ ስኩዌር እናባዛለን፣ ደምረን ለሁለት እናካፍላለን። ለዚህ ውሃ 0.0116 ይመጣል። ከዚያ በዴቪስ ቀመር ባለአንድ ቻርጅ አዮን 0.90፣ ባለሁለት ቻርጅ 0.64 ይሆናል። እነዚህ የሚባዙ ቁጥሮች ናቸው። ማለትም ከካልሲየሙ ውስጥ ለሚዛኑ የሚቆጠረው 64 በመቶው ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ስሌቱን ደገምኩት። ካልሲየም ከ1.4 ወደ 2.4 ሚሊግራም ወጣ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የፍሎራይድ ጣሪያ ግን ከ18.9 ወደ 19.9 ብቻ ነው የተነሳው።

ለምን ይመስላችኋል? ቅድም ያልኳትን መስመር አስታውሱ። ካልሲየም ከቀመሩ ወጥቷል። የቀሩት ፍሎራይድ በስኩዌርና ካርቦኔት ናቸው። የፍሎራይድ 0.90 በስኩዌር 0.80 ነው፣ የካርቦኔት 0.64። ድርሻቸው 0.8 ነው፣ ከዚያም ስኩዌር ሩት ይገባል። እርማቱ አብዛኛው እርስ በርሱ ተጣፋ። ይህን ፕሮግራሙ አይነግርህም። መልሱን ይሰጥሃል እንጂ መልሱ ለምን ከቦታው እንዳልተነቃነቀ አይልህም።

ሰባተኛውባንክ

መምህር፣ ይህ እርማት በሁሉም ቦታ ይጣፋል ማለት ነው?

አስተማሪው_ከአዳማ

በፍጹም! የሙሌት ደረጃውን ስታሰላ በደንብ ይታያል። ቅድም በኮንሰንትሬሽን ብቻ ብዜቱ 2.7 × 10⁻¹¹ ነበር። ከኬኤስፒው 79 በመቶ ማለት ነው፣ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ይመስላል። አክቲቪቲ ሲገባ 1.4 × 10⁻¹¹ ይሆናል፣ ከኬኤስፒው 41 በመቶ። የሙሌት ኢንዴክሱ፣ ማለትም ብዜቱ ለኬኤስፒው ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር ሎጋሪዝም፣ ከ −0.10 ወደ −0.39 ወረደ። ትልቅ ልዩነት ነው።

ጀሶ (ውሃ ያዘለ ካልሲየም ሰልፌት) ላይ ደግሞ ባሰበት። በደረቁ ኬኤስፒውን፣ 2.6 × 10⁻⁵ን፣ ይዘህ ብታሰላ አንድ ሊትር ውሃ 0.9 ግራም ገደማ ጀሶ ያሟሟል። በተግባር ግን ወደ 2.4 ግራም ያሟሟል። አንደኛው ምክንያት አክቲቪቲ ነው። ሌላው፣ ካልሲየምና ሰልፌት ሳይዘቅጡ ጥንድ ሆነው ውሃው ውስጥ ስለሚቀሩ ነው። ሁለቱንም ካላስገባህ መልስህ ከሦስት እጥፍ ጥቂት ባነሰ ይስታል።

ድንጋይና_ውሃ

ጂኦሎጂስት ነኝ፣ ከዚያው ከስምጥ ሸለቆ ነው የምጽፈው። የኬሚስቶቹን ስሌት ወደድኩት። አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ይህ ስሌት የሚሰጣችሁ ጣሪያውን ነው። ውሃው ወደ ጣሪያው ይድረስ አይድረስ የሚወስነው ድንጋዩ ነው።

እዚህ አካባቢ ፍሎራይዱ የሚመጣው ከካልሲየም ፍሎራይድ አይደለም። ከእሳተ ገሞራ አመድ፣ ከፐሚስ፣ በጠቅላላው ሲሊካ ከበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ነው። ከጥልቁ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳም ያደርገዋል፣ አሲዳሙ ውሃ ድንጋዩን ይበላዋል። ሲበላው ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይለቀቃሉ፣ ፍሎራይድም አብሮ ይወጣል። ካልሲየም ካለም ሸክላው ላይ በሶዲየም ይተካል፣ ወይም እንደ ካልሳይት ይዘቅጣል። የመቂልጅ ወረቀት ላይ ሶዲየም 260፣ ካልሲየም 2 የሆነው በዚህ ነው።

ሐይቆቹን ብታዩ ታሪኩ በግልጽ ይነበባል። ዝዋይ ውሃው ይፈሳል፣ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢጃታ ይወርዳል፣ ስለዚህ ጨዋማ አይደለም። አቢጃታና ሻላ መውጫ የላቸውም። ውሃው ይተናል፣ ካልሲየሙ ይዘቅጣል፣ ሶዲየም ካርቦኔቱና ፍሎራይዱ እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ። ከአቢጃታ ሶዳ አሽ ይመረት የነበረው ለዚህ ነው።

የሙቀቱንም ነገር አትርሱ። የተጠቀማችሁባቸው ኮንስታንቶች የ25 ዲግሪ ናቸው። እዚህ ከዚያ የሞቁ ጉድጓዶች ሞልተዋል። ካልሳይት ደግሞ ከአብዛኛው ጨው በተቃራኒ ውሃው ሲሞቅ ሙሟቱ ይቀንሳል።

አስተማሪው_ከአዳማ

ድንጋይና_ውሃ፣ የሶዳ ሐይቅ ካነሳህ አይቀር አንድ ታሪክ ልጨምር። የኬሚካል ሚዛን ሐሳብ ራሱ የተነሳው ከሶዳ ሐይቅ ዳር ነው፣ ያውም አፍሪካ ውስጥ። ፈረንሳዊው ኬሚስት በርቶሌ በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ግብጽ ሄደ። እዚያ በናትሮን ሐይቆች ዳርቻ የሶዲየም ካርቦኔት ቅርፊት አየ። ገረመው። ላቦራቶሪ ውስጥ ሶዲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ክሎራይድ ሲገናኙ ካልሲየም ካርቦኔትና ጨው ነው የሚሰጡት። ሐይቁ ዳር ግን የሆነው የተገላቢጦሽ ነበር። ጨውና የኖራ ድንጋይ ተገናኝተው ሶዳ ወጣ። በርቶሌ ከዚህ ተነስቶ ብዛት የለውጡን አቅጣጫ ሊያዞር ይችላል አለ። በ1864 ጉልድበርግና ቮገ የተባሉ ሁለት ኖርዌያውያን ሐሳቡን ወደ ቀመር ቀየሩት። የመቂልጅ ዛሬ የሚያሰላው እነሱ የጀመሩትን ነው።

ፈተና_አለብኝ

መምህር፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለችኝ፣ አጭር ናት። ፒኤች 2 ላይ የካልሲየም ፍሎራይድ ሙሟት ስንት ነው የሚል ወረቀት ላይ ተሰጥቶናል። ፒኤች ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ላብ_ጥግ

ልመልስልሽ እህቴ። ፍሎራይድ የደካማ አሲድ ልጅ ነው፣ የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ። ኬኤው (የአሲድ ኮንስታንቱ) 6.8 × 10⁻⁴ ነው። አሲድ ሲበዛ ፍሎራይዱ ሃይድሮጅን ይይዝና ከሚዛኑ ይወጣል። ድንጋዩም ለማካካስ ተጨማሪ ይሟሟል።

በፒኤች 2 አሲዱ ከነጻው ፍሎራይድ 0.01 ÷ 6.8 × 10⁻⁴፣ ማለትም 14.7 እጥፍ ነው። ጠቅላላው ፍሎራይድ የነጻው 15.7 እጥፍ ይሆናል። ጠቅላላው 2 × ሙ ነው፣ ስለዚህ ነጻው 2 × ሙ ÷ 15.7። ኬኤስፒው ውስጥ የምታስገቢው ነጻውን ብቻ ነው። ስታሰዪው ሙ 1.29 × 10⁻³ ይሆናል፣ ከንጹህ ውሃው ስድስት እጥፍ በላይ።

የመቂልጅ ጉድጓድ ላይ ግን ይህን መተው ይቻላል። በፒኤች 8.3 የአሲዱ ድርሻ ከመቶ ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። መተው ማለት ግን እንዲህ ቁጥሩን አይቶ ነው። ሳያዩ ከሆነ መገመት ነው።

ፈተና_አለብኝ

ወይኔ! ለካ የሚያስቸግረኝ ነጻውንና ጠቅላላውን አለመለየቴ ነበር። እግዜር ይስጥሽ።

ጀሪካን

ሰላም ወገኖች። እኔ ኬሚስት አይደለሁም። የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ላይ ነው የምሠራው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው። መምህሩ ካልሲየም ሲበዛ ፍሎራይድ ይዘቅጣል አሉ። ታዲያ ጀሶ ርካሽ ነው፣ አገራችንም ሞልቷል። ለምን ውሃው ላይ ጀሶ ጨምረን አንገላገልም?

አስተማሪው_ከአዳማ

ጀሪካን፣ ሐሳቡ መልካም ነው፣ ብዙ ሰውም ያነሳዋል። ስሌቱ ግን አይፈቅድልህም።

1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ 7.9 × 10⁻⁵ ሞል ነው። ስኩዌሩ 6.2 × 10⁻⁹። ኬኤስፒውን ለዚህ ስታካፍል 5.5 × 10⁻³ ሞል ካልሲየም ያስፈልግሃል። በሚሊግራም 222። ይህ አክቲቪቲ ሳይቆጠር ነው። ሲቆጠር ከእጥፍ ያልፋል፣ ጀሶ ራሱ ሊሟሟ የሚችልበት ጠርዝ አጠገብ ያደርስሃል። በዚያ ላይ ውሃው ባይካርቦኔት የሞላበት ስለሆነ ከምትጨምረው ካልሲየም ብዙውን ካርቦኔቱ ይወስድብሃል። የተረፈው ውሃ ደግሞ ሰልፌት የበዛበት ይሆናል፣ ለመጠጥም አይመችም።

የተቀቀለ ኖራ ብቻውን ብትጨምርም ፒኤቹን ሽቅብ ይገፋዋል። ፒኤች ሲወጣ ካርቦኔት ይበዛል። ካርቦኔት ሲበዛ ምን እንደሚሆን ከላይ አይተናል።

ላብ_ጥግ

ለዚህ ነው በስምጥ ሸለቆአችን የተሞከሩት ዘዴዎች ሌላ መንገድ የሚከተሉት። አንዱ በሕንድ አገር ናልጎንዳ ከተባለ ቦታ ስሙን የወሰደው ነው። አልሙኒየም ሰልፌትና ትንሽ ኖራ ይጨመራል። አልሙኒየሙ እንደ ጭጋግ ያለ ዝቃጭ ይሠራል፣ ፍሎራይዱ ዝቃጩ ላይ ተለጥፎ ይወርዳል። የአልሙኒየሙ ልክ ሲሳት ግን ራሱ አልሙኒየሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩንም የሚያነሳው ሰው ያስፈልጋል።

ሌላው የተቃጠለ አጥንት ከሰል ነው። አጥንት ውስጥ ያለው ማዕድን ሃይድሮክሲአፓታይት ነው። ሃይድሮክሳይዱን ለቆ ፍሎራይድን ይቀበላል፣ ምክንያቱም በዚህ ልውውጥ የሚፈጠረው ፍሎርአፓታይት ሙሟቱ ከዚያ ያነሰ ነው። እንግዲህ ካልሲየም ፍሎራይድ ያልቻለውን ሌላ ማዕድን ቻለ ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ይሞላል፣ ያኔ መቀየር አለበት። የሚቀይረው ሰው ካልተመደበ ማጣሪያው ለስሙ ብቻ ነው የሚቆመው። ይህን ጀሪካን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ጀሪካን

እውነትሽን ነው። እኛ ጋ ትልቁ ችግር ኬሚስትሪው አይደለም፣ የሚከታተለው ሰው ነው። የጀሶው ነገር ግን ተዘጋልኝ። ዝናብ ውሃ ወይም የወንዝ ውሃ መቀላቀልስ?

ድንጋይና_ውሃ

ያ ቀላል ሂሳብ ነው። የጉድጓዱ 10፣ የወንዙ 0.3 ቢሆን ወደ 1.5 ለማምጣት ከጉድጓዱ 12 በመቶ ብቻ መግባት አለበት። ያን ያህል ንጹህ የወንዝ ውሃ ካለህ ጉድጓዱን መተው ሳይሻል አይቀርም።

የመቂልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁጭ ብዬ ራሴ ደገምኩት፣ ፒኤቹን ብቻ እየቀያየርኩ፣ ባይካርቦኔቱን 10 ሚሊሞል ላይ አቆይቼ።

ፒኤች 7.5 ላይ ካርቦኔት 1.5 × 10⁻⁵፣ የፍሎራይድ ጣሪያ 7.5 ሚሊግራም።
ፒኤች 8.3 ላይ 18.9።
ፒኤች 9 ላይ ካርቦኔት 4.7 × 10⁻⁴፣ ጣሪያው 42።

ፒኤች በ1 ሲጨምር ጣሪያው ወደ 3.2 እጥፍ ይሄዳል። የ10 ስኩዌር ሩት ማለት ነው። ይህ ልክ ነው መምህር? ልክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው 8.3 ተሳስቶ ቢሆንስ?

አስተማሪው_ከአዳማ

ስሌትህ ልክ ነው። ፒኤች 9 ላይ ግን ባይካርቦኔቱ በሙሉ 10 ሆኖ መቆየቱን ተጠንቀቅ። አምስት በመቶ ያህሉ ወደ ካርቦኔት ሄዷል። የተለካው ጠቅላላው አልካሊኒቲ፣ ማለትም ባይካርቦኔቱና ካርቦኔቱ አንድ ላይ፣ ከሆነ መቀነስ ይኖርብሃል። ለ42ቱ ቁጥር ብዙ አይለውጥም፣ ፒኤች 10 ላይ ብትሄድ ግን ያስትሃል። የፒኤቹን ጉዳይ ለላብ_ጥግ እተዋለሁ።

ላብ_ጥግ

የመቂልጅ፣ ጭንቀትህ ቦታው ላይ ነው። ፍሎራይዱ ላይ ብዙ አትጨነቅ። በኤሌክትሮድ ሲለካ ቲሳብ የሚባል ሙሙት እንጨምርበታለን። እሱ ፒኤቹን 5 እና 5.5 መሃል ያቆየዋል፣ የአዮን ጥንካሬውን እኩል ያደርጋል፣ በአልሙኒየም የተያዘ ፍሎራይድ ካለም ያስለቅቀዋል። ኤሌክትሮዱ የሚያየው አክቲቪቲን ስለሆነ ያለዚህ ናሙናና ስታንዳርድ አይነጻጸሩም።

የሚያስቸግረው ፒኤቹ ነው። የጉድጓድ ውሃ ከጥልቁ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸክሞ ነው። ክፍት ጀሪካን ውስጥ ሲቆይ ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል። ወደ ላብ እስኪደርስ 7.8 የነበረው 8.3 ሊሆን ይችላል። በግማሽ ፒኤች ስህተት ጣሪያህ ወደ 1.8 እጥፍ ይዛነፋል። ጠርሙሱ ውስጥ ካልሳይት ዘቅጦ ካልሲየሙም ሊቀንስ ይችላል። ያኔ ያሰላኸው የጉድጓዱን ሚዛን ሳይሆን የጠርሙሱን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከፓምፑ ጥቂት አፍስስ፣ ቱቦው ውስጥ የቆመው ውሃ ይውጣ። ፒኤችና ሙቀት እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ለካ። አልካሊኒቲውን ከቻልክ በዚያው ቀን ቲትሬት አድርግ። ለካልሲየም የምትወስደውን ናሙና አጣርተህ በናይትሪክ አሲድ አሲድ አድርገው፣ ዝቃጭ እንዳይሠራ። ለፍሎራይድ የምትወስደውን ግን አሲድ አታስነካው፣ ብርጭቆ ጠርሙስም አትጠቀም፣ ፕላስቲክ ይሁን። ሁሉንም እስከ አፉ ሙላና ክደን፣ አየር አይግባ።

የመቂልጅ

ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ጉድጓዱ እወርዳለሁ። የዲፓርትመንታችን ፒኤች ሜትር በእጅ የሚያዝ ነው፣ ባፈሩም አለ። ፒኤችና ሙቀቱን እዚያው እለካለሁ። ቁጥሮቹን ከነሙቀቱ እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ሰባተኛውባንክ በፍሪክሲ፣ እኔ በእጄ እናስኬደው።

ሰባተኛውባንክ

ተስማምተናል። ፖታሲየምና ማግኒዢየሙንም አስለካ።